የአባት ስም ማስተካከያ

አውቶቡሱ በሩን ሲከፍት የጠራው የሌላ ሴት ስም ነው።

«እንኳን ደኅና መጡ፣ አንሻ ኪሩቤል» አለ፣ እንደ ወትሮው በለዘበ ድምፁ።

አንሻ ዞር ብላ ኋላዋን አየች። ከዘራውን የተደገፈ አንድ ሽማግሌ እስክትገባለት እየጠበቀ ቆሟል፤ ከሱ በስተቀር ሰው የለም። በሩ ጥሪውን ደገመ።

«አንሻ ይመር» አለች፣ ስሟን የሳተ ሰው እንደምታርም።

በሩ የሚጠብቀው አንድ ቃል ነው። የሰው ፊትና መዳፍ መስረቅ ከተለመደ ወዲህ የትኛውም በር ስም ጠርቶ ባለስሙ በገዛ አንደበቱ «አዎ» ሳይለው አያሳልፍም። ፈረቃዋ ሊያልፍባት ነው። ከኋላዋ ያለው ሽማግሌ ተቁነጠነጠ።

«ኧረ ልጄ፣ አዎ በይውና ግቢ። ከበር ጋር ምን ሙግት አለ?»

«አዎ» አለችና ገባች። በኋላ ያቺን «አዎ» ባስታወሰቻት ቁጥር ጥርሷን ታፋጫለች።

ነገሩ የጀመረው ከሁለት ሳምንት በፊት ነበር። የደም እውነት ችሎት ጠራት። በዚያ ዘመን ከችሎቱ መጠራት እምብዛም የሚያስደነግጥ አልነበረም፤ ከየመንደሩ በየጊዜው አንድ ሁለት ሰው ይጠራል። አገሩ አርጅቷል። የሚወልድ ከመጥፋቱ የተነሣ በኮምቦልቻ ፎቆች ላይ የሕፃን ልብስ ተሰጥቶ ማየት ብርቅ ሆኗል፤ በየሰገነቱ የሚሰጣው የሽማግሌ ጋቢ ነው። መንግሥትም ሰባ ዓመት የሞላው ሰው ሁሉ በስሙ የተመዘገበ ጧሪ እንዲኖረው ደነገገ። ጧሪ ማለት ልጅ ነው፤ ልጅ ማለት ደግሞ በደም የተረጋገጠ። ጧሪው በየምሽቱ ወላጁ ቤት ሄዶ በሩ ላይ ባለው መስተዋት መዳፉን ያሳርፋል፣ ስሙ ሲጠራ አዎ ይላል፣ ይገባል። መዳፍ የራቀው አዛውንት ከባቲ ማዶ፣ ቆላ ውስጥ ወዳለው መጦሪያ ይወሰዳል። መጦሪያው ክፉ ቦታ አይደለም። አልጋው ንጹሕ ነው፤ ምግቡም ሰዓቱን አይስትም። ጠያቂ ሆኖ መግባት የሚፈቀደው ግን ለደም ዘመድ ብቻ ነው፤ የደም ዘመድ ያለው አዛውንት ደግሞ መጀመሪያውኑ እዚያ አይላክም።

ልጅ የሌለው ሽማግሌ ለችሎቱ ማመልከት ይችላል። የማላውቀው ልጅ ካለኝ ይፈለግልኝ ይላል። ችሎቱ ደሙን ከአገሩ ሰው ሁሉ ደም ጋር ያስተያያል፤ የሚቀርብ ከተገኘ ያ ሰው ለማረጋገጫ ምራቁን እንዲሰጥ ይታዘዛል። አንሻ ስትታዘዝ ስሕተት መሆኑን እርግጠኛ ነበረች። እየሣቀች ሄደች፣ ጥጡን ጉንጯ ውስጥ አዙራ ሰጠች፣ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ለአባቷ ለይመር እንኳ አልነገረችውም። ምን ብላ ትነግረዋለች?

ውጤቱ በደብዳቤ ይደርሰኛል ብላ ነበር። የደረሳት በስም ሆነ።

በደረቅ ወደቡ የክሬኗ ጋቢና በር ላይም ያው ስም ጠበቃት። አዎ ብላ ወጣች። ቀኑን ሙሉ ከባቡር የሚወርዱትን ኮንቴይነሮች እያነሣች ስትደረድር እጇ ሥራውን ያውቀዋልና አልሳተም፤ ልቧ ግን ቤት ነበር።

ማታ ስትመለስ ይመር ከቤቱ ወጥቶ ኮሪደሩ ላይ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ አገኘችው። ይመር ሰባ ስምንት ዓመቱ ነው። ዕድሜውን በብየዳ ያሳለፈ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ዓይኑ በእሳት የደከመ ሰው ነው። ሚስቱ ሀያት ከሞተች ወዲህ የሚኖረው ከአንሻ ጋር ብቻቸውን ነው።

«ደጅ ምን ትሠራለህ አባዬ?»

«በሩ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ?» አለ። ሊሥቅ ፈልጎ ሣቁ አልመጣለትም። «'አቶ ይመር፣ ጧሪ የለዎትም። የሠላሳ ቀን ጊዜ ተሰጥቶዎታል' አለኝ። እኔ የገዛሁት በር።»

«ስሕተት ነው። ነገ ሄጄ አስተካክላለሁ። አብሽር።»

ይመር ክንዷን ያዘና ወደ ውስጥ መራት፤ አስቀመጣት፤ እሱም ፊት ለፊቷ ተቀመጠ።

«ስሕተትስ አይደለም» አለ።

አንሻ አየችው።

«እናትሽን ሳገባት አንቺ በሆዷ ነበርሽ። አውቅ ነበር። ሰውዬው ሐዲዱ ሲዘረጋ ከመሐንዲሶቹ ጋር የመጣ ልጅ ነው፤ ኪሩቤል የሚሉት። ሥራው አለቀና ሄደ። ማርገዟን አልነገረችውም። ሀያትን ታውቂያታለሽ፤ ጀርባውን የሰጣትን ሰው ተመለስ ብላ አትለምንም።»

«ይህን ሁሉ ዘመን ለምን አልነገርከኝም?»

«ምን ብዬ? የሰው ልጅ ነሽ ልበልሽ?» አለ፣ በእውነት ግራ ገብቶት። «የኔ ልጅ ነሻ።» ከዚያ እጆቹን እያየ ቀጠለ። «እናትሽ የምሠራበት ብረት ቤት በር ላይ መጥታ ቆመች። እየበየድኩ ነበር። 'ብቻዬን አይደለሁም፤ ታገባኛለህ ወይ?' አለችኝ። መነጽሬን ከፍ አድርጌ አየኋት። አገባሻለሁ አልኳት። ወላሂ፣ ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ነገር ማንም ምንም ጠይቆኝ አያውቅም። ዛሬ በር ጠየቀኝ።»

አንሻ ስታለቅስ የምትቆይ መስሏት ነበር፤ የመጣባት ግን ዕንባ ሳይሆን ቁጣ ነው። በይመር አልተቆጣችም፤ በእናቷም አልተቆጣችም። አርባ ሦስት ዓመት ሙሉ ስትጠራበት የኖረችውን ስም፣ ሳይጠይቃት እንደ ተበላሸ አምፖል ባወለቀው እጅ ላይ ነው የተቆጣችው።

«አንሻ ያልከኝ አንተ ነህ?» አለችው በመጨረሻ።

«የእናቴን ስም ነው የሰጠሁሽ። ሌላ ምን ነበረኝ?»

«እንግዲያው አልለውጠውም።»

*

ችሎቱ ቀዝቃዛ አዳራሽ ነው። አመልካቹ ከፊት ተቀምጠዋል። አቶ ኪሩቤል ቀጭን፣ ሸሚዛቸው በሥርዓት የተተኮሰ፣ የሚያፍሩ የሚመስሉ ሽማግሌ ናቸው። አንሻ የገዛ አገጯን እሳቸው ፊት ላይ ስታይ የተሰረቀ ዕቃዋን ሰው እጅ ላይ እንዳየች ሁሉ ደሟ ፈላ።

«አንሻ ኪሩቤል» ብለው ጠሩ ዳኛዋ። ሶልያና የሚባሉ፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ወጣት ሴት ናቸው።

አንሻ አልተነሣችም። ሁለተኛ ተጠራች። ሦስተኛ። ዳኛ ሶልያና ቀና ብለው አዩዋት።

«እርስዎ አይደሉም?»

«እኔ አንሻ ይመር ነኝ። የጠሯትን ሴት አላውቃትም።»

«ስምዎ ተስተካክሏል። ችሎቱ ከእርስዎ የሚፈልገው መልስ የለም፤ ደሙ መልሷል። የተጠሩት ነገሩን ቢቀበሉት ስለሚቀልዎት ነው።»

«እናንተ የምትጠይቁኝ ከሌለ እኔ ልጠይቅ። ጉዲፈቻ የሚባል ነገር በሕጉ የለም?»

«አለ። ለሕፃናት ነው። እርስዎ አርባ ዓመት አልፎዎታል።»

«ታዲያ ሕፃን ሳለሁ የት ነበራችሁ?»

ከኋላ ወንበሮች ላይ አንዳንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ይመር ከመካከላቸው ተነሣ፤ ሲነሣ ጉልበቱ ተንቋቋ።

«ባለጉዳይ ነዎት?» አሉት ዳኛዋ።

«አባቷ ነኝ።»

ዳኛ ሶልያና ፊታቸው ያለውን ሰሌዳ አዩ። «በዚህ ጉዳይ ውስጥ ይመር የሚባል ሰው የለም።»

«የለም?» አለ ይመር። «እንግዲያው በሠላሳ ቀን ልትወስዱ የተዘጋጃችሁት ማንን ነው?»

ዳኛዋ ውሳኔውን አነበቡ። አንሻ ከሰኞ ጀምሮ የአቶ ኪሩቤል ጧሪ ናት። ሰው አንድ አባት ብቻ ስላለው የሁለት አባት ጧሪ መሆን አይቻልም። አቶ ይመር ልጅ እንደሌላቸው ተረጋግጧል።

«አልቀበልም» አለች አንሻ።

«መቀበል ግዴታ አይደለም» አሉ ዳኛዋ፣ በክፋት ሳይሆን የአየር ጠባይ እንደሚናገር ሰው። «በሮቹ ያውቁታል።»

ደጅ ላይ አቶ ኪሩቤል «ልጄ» ብለው ቀረብ አሉ። አንሻ አባቷን በክንዱ ደግፋ አልፋቸው ሄደች።

*

ከዚያች ቀን ጀምሮ አንሻ አዎ ማለት አቆመች።

አውቶቡሱ ጠራት፤ ዝም አለች፤ ትቷት ሄደ። በእግሯ ሄደች። የደረቅ ወደቡ በር ጠራት፤ ዝም አለች። አለቃዋ ወደ አጥሩ መጣ፤ አብረው ሲሠሩ ዓመታት አልፏቸዋል፣ ይወዳታልም።

«አንሻ፣ አንድ ቃል ናት እኮ!»

«አንድ ቃል ብቻ ከሆነች ያለሷ ክፈቱልኛ።»

አለቃዋ አንገቱን ደፋ። በሩን መክፈት በሱ እጅ አልነበረም። በሳምንቱ ክሬኗ ላይ ሌላ ሰው ወጣ። ክሊኒክ፣ ባንክ፣ የፎቃቸው ሊፍት፣ ሁሉም አንድ ስም እየጠሩ አንድ ቃል ይጠብቃሉ። ሽንኩርት ተራ ግን በር የለውም። እዚያ ሄዳ በጫኝነት ተቀጠረች። ወገቧ አመማት፣ እጇ ተላጠ፤ ነጋዴዎቹ ግን «አንቺ አንሻ» ብለው ነው የሚጠሯት፤ የአባቷን ስም የሚያጣራ የለም።

ደረጃውን ስትወጣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ወይዘሮ ኤፍራታን ታገኛለች። ኤፍራታ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ አበባ የሚያጠጡ፣ ሰው የማያስቀይሙ ሴት ናቸው።

«የኔ አበባ፣ እስከ መቼ ደረጃ ትወጫለሽ?» አሏት አንድ ቀን። «እኔም ከስድስት ዓመት በፊት ተስተካክያለሁ። መጀመሪያ ያንገሸግሻል። ይለመዳል።»

«ለመዱት?»

ኤፍራታ ጣሳቸውን ይዘው ቆሙ። «አዎ እላለሁ» አሉ በመጨረሻ፤ ገብተውም በራቸውን ዘጉ።

የእነአንሻ ቤት በር የሚከፈተው ለይመር ብቻ ነው። እሱ ካልከፈተላት አንሻ ደጅ ትቀራለች። በዚያ ላይ በሩ በየጧቱ የቀሩትን ቀናት ይቆጥርለታል። አንድ እሑድ ረፋድ ይመር አልጋው ሥር ከቆየው ሣጥን መፍቻ፣ መጋዝና አሮጌ መበየጃውን አወጣ። አንሻ በሩን ደግፋ ያዘችለት። ብረት ሲቆረጥ የሚያሰማው ጩኸት በዚያ ፎቅ ለዓመታት ተሰምቶ አያውቅምና ጎረቤት ሁሉ አንገቱን ብቅ አደረገ።

«ጥገና ያስፈልጋል» አለ በሩ። «ጥገና ያስፈልጋል።»

«አብሽር፣ መጣሁልህ» አለ ይመር፤ መስተዋቱን ከነድምፁ ነቅሎ ደረጃው ላይ ጣለው። በቦታው ተራ የብረት መቀርቀሪያ በየደበት። አንሻ መቀርቀሪያውን ሳበችው፣ መለሰችው፣ እንደገና ሳበችው። ያን ቀን ይመር ከብዙ ጊዜ በኋላ ሁለት ጊዜ በላ።

*

በሩ ላይ መጀመሪያ ያንኳኩት አቶ ኪሩቤል ናቸው። ማንኳኳት ተረስቶ ስለነበር አንሻ ድምፁን ለመለየት ጊዜ ወሰደባት። ደረጃውን በእግራቸው ወጥተው ትንፋሻቸው አጥሯል።

«ገብተሽ ጡሪኝ አልልሽም» አሉ ደጁ ላይ እንደ ቆሙ። «አባቴ በይኝም አልልሽም። መዳፍሽን ብቻ። በየምሽቱ አንዲት ደቂቃ።»

«መዳፌን ሳሳርፍ በርዎ ማን ብሎ ነው የሚጠራኝ?»

አቶ ኪሩቤል ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«አዎ ካልኩት አባቴ ባቲ ይወርዳል» አለች።

«ባትይውም ይወርዳል። ያኔ እኔም እወርዳለሁ።»

ይህን አንሻ ታውቀዋለች፤ ጮክ ብሎ ሲነገር ግን ሰምታው አታውቅም። ከጓዳ የይመር ድምፅ መጣ።

«ግቡ እንጂ አንቱ ሰው፣ ደጅ ላይ ምን ያቆማችኋል?»

ገቡ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ፊት ለፊት ተቀመጡ። ይመር ወደ አንሻ ዞረ።

«ልክ ናቸው። አዎ በይው። ሁለት ሰው ከሚጠፋ አንዱ ይትረፍ።»

«አንተን ሰጥቼ?»

«እኔ ዕድሜዬን ኖሬያለሁ።»

«አባዬ፣ ዕድሜ ልኬን ያልከኝን ሰምቻለሁ። ይህን አልሰማህም።» ወደ አቶ ኪሩቤል ዞረች። «እርስዎን አልጠላዎትም። ሰው ናፍቆዎት ችሎት ሄደዋል፤ ሰው ይናፍቃል። ግን እኔን ሲያገኙ ሌላ ሰው ልጁን እንደሚያጣ ነግረውዎታል?»

«ነግረውኛል» አሉ አቶ ኪሩቤል ዓይናቸውን ሰብረው። «'ቀድሞ የተመዘገበው ሰው ይሰረዛል' አሉኝ። ሰው አልመሰለኝም። ፈራሁ። ሰው ሲፈራ አያስብም።» ቀስ ብለውም ጠየቁ። «ሀያት... ስለ እኔ ትናገር ነበር?»

«አንድም ቀን» አለች አንሻ።

«ለኔ ግን ነግራኛለች» አለ ይመር። «ድምፁ ጥሩ ነው፣ ሲዘፍን ሠራተኛው ሁሉ አካፋውን ያስቀምጥ ነበር ብላኛለች።»

አቶ ኪሩቤል መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት፤ ጠርገውም ቶሎ አላጠለቁትም።

በማግስቱ ተመልሰው መጡ። በሦስተኛውም ቀን መጡ። መዳፍ የሚባል ነገር አላነሡም። ከይመር ጋር ስለ ሀያት ያወራሉ፤ አንዱ የሚያውቀው አንዲት የሃያ ዓመት ልጅ ነው፣ ሌላው የሚያውቀው እስከ ሽበቷ ድረስ ነው። አንሻ ሽንኩርት ሸትታ ስትመለስ ሁለቱን ሲከራከሩ ታገኛቸዋለች። ሰላም ብላቸው ታልፋለች። ለአቶ ኪሩቤል የምትለው ከዚያ አይበልጥም።

*

በሠላሳኛው ቀን ጧት፣ ሹፌር የሌለው የመጦሪያው ነጭ መኪና መጣ። ከውስጡ የወረደው ናኦድ የሚባል፣ ሃያ ስድስት ሃያ ሰባት ዓመት ቢሆነው የማይበዛ ትሑት ልጅ ነው። በሩ ስለማይናገር ምን እንደሚያደርግ ጠፍቶት በእጁ መታው። አንሻ መቀርቀሪያውን ሳበች።

«አባባ ይመርን ልወስድ ነበር» አለ ናኦድ። «ዕቃ መያዝ አያስፈልግም፤ እዚያ ሁሉም አለ።»

አቶ ኪሩቤል ያን ዕለት በማለዳ መጥተው ከይመር አጠገብ ተቀምጠዋል። ናኦድ አወቃቸው።

«አባባ፣ እርስዎ ጧሪ አለዎት። ልጅዎ አዎ እስክትል ትንሽ ጊዜ ተጨምሮልዎታል። እባክዎ ከዚህ ጉዳይ ይራቁ።»

«ልጅ የለኝም» አሉ አቶ ኪሩቤል።

«ደሙ እኮ...»

«ደሙ የኔ ነው። ልጅነቷ የሱ ነው። ጻፍ፤ ማመልከቻዬን ትቻለሁ።»

ናኦድ አስረዳቸው። አባትነት አንዴ ከተረጋገጠ መተው አይቻልም። ጧሪውን የካደ አዛውንት ግን የተሰጠው ጊዜ ይሰረዝበታል፤ ዛሬውኑ ይወሰዳል።

«ይሁን» አሉ አቶ ኪሩቤል፣ ባርኔጣቸውን እያጠለቁ። አንሻ ለመጀመሪያ ጊዜ አተኩራ አየቻቸው።

ሁለቱ ሽማግሌዎች ተደጋግፈው ደረጃውን ወረዱ፤ መኪናው ውስጥ ገቡ። አንሻ ተከተለቻቸውና በመካከላቸው ተቀመጠች። ሰው ሁሉ ልሰናበት ያለች መስሎት ነበር። በሩ ተዘጋ። የመጦሪያው መኪና ስም የሚጠራው ሰው ሁሉ ከተሳፈረ በኋላ ነውና አሁን መጥራት ጀመረ።

«ይመር እንድሪስ።»

«አለሁ። አዎ።»

«ኪሩቤል ደስታ።»

«አዎ።»

«አንሻ ኪሩቤል።»

ዝም።

«አንሻ ኪሩቤል።»

አንሻ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ፊት ለፊት ታያለች።

«ያልታወቀ ተሳፋሪ አለ» አለ መኪናው። «ጉዞ አይጀመርም።»

ናኦድ በመስኮቱ አጎነበሰ። «እትዬ፣ ይውረዱልኝ።»

«አልወርድም።»

«እንግዲያው ስሙን ይቀበሉትና ይሄዳል፤ ባቲ ደርሰው ይመለሳሉ።»

«አልቀበልም።»

ፀሐይ ወጣች። ናኦድ ለአለቆቹ ደወለ፤ አለቆቹ ለፖሊስ ደወሉ። ሁለት ፖሊሶች መጥተው አዩዋት። አውጥቶ መውሰዱ አይከብዳቸውም ነበር፤ የነሱም መኪና ግን ስሟን ሳታምን እንደማይንቀሳቀስ ያውቃሉ። በእግር ጎትቶ ከተማ ለከተማ ስለማዞር ደግሞ የተጻፈ መመሪያ የለም። ጥላ ሥር ቆመው ትንሽ ተመካከሩና ሄዱ።

ጎረቤት በየሰገነቱ ወጣ። አንዱ ውሃ አወረደ፣ ሌላው ዳቦ። ይመር በሙቀቱ አሸለበ፤ ጭንቅላቱ አንሻ ትከሻ ላይ ወደቀ። አቶ ኪሩቤል በባርኔጣቸው ያራግቡለታል። መኪናው ከጊዜ ወደ ጊዜ ይጠራል፤ አንሻ ከጊዜ ወደ ጊዜ ዝም ትላለች።

ከቀትር በኋላ ወይዘሮ ኤፍራታ ወረዱ። ነጠላቸውን አጣፍተዋል። ለናኦድ ራሳቸውን በትሕትና ነቀነቁለት፣ የመኪናውን በር ራሳቸው ከፈቱና ገብተው ከኋላ ተቀመጡ።

«ኤፍራታ ያፌት» አለ መኪናው።

ወይዘሮ ኤፍራታ ስድስት ዓመት አዎ ሲሉት የኖሩት ስም ነው። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። አንሻ ዞር ብላ አየቻቸው። ኤፍራታ ከንፈራቸውን ገጠሙ።

«ያልታወቁ ተሳፋሪዎች አሉ» አለ መኪናው።

ከሰገነቶቹ በአንዱ ላይ ሰው አጨበጨበ። ሌላውም ተቀበለው። ናኦድ መሬት ላይ፣ ጎማው አጠገብ ቁጭ አለ። ጥላው ወደ ምሥራቅ እስኪረዝም ተቀመጠ። ከዚያ ተነሥቶ አቧራውን ከሱሪው አራገፈና በመስኮቱ አጎነበሰ። አሁን የሚጽፍበትን ሰሌዳ አልያዘም።

«እትዬ፣ ትክክለኛ ስምዎ ማን ነው?»

«አንሻ ይመር።»

«እርስዎስ?»

«ኤፍራታ ግዛቸው» አሉ ወይዘሮዋ። «ኤፍራታ ግዛቸው» ሲሉ ደገሙት፣ ጮክ ብለው።

ናኦድ በሩን በእጁ ከፍቶ ያዘላቸው። አራቱም ወረዱ። መኪናው ባዶ መሆኑን ሲያረጋግጥ ደስ ያለው ይመስል ወዲያው ተነሣ።

ሕጉ አልተለወጠም። ችሎቱ ጉዳዩን ለበላይ ችሎት መርቶ ቀጠሮ ሰጥቷል፤ ቀጠሮው ተላልፎ ሌላ ቀጠሮ ተሰጥቷል። በችሎቱ ሰሌዳ ላይ አንሻ እስከ ዛሬ ኪሩቤል ናት፣ ይመርም ልጅ የለውም። አቶ ኪሩቤል የሚናገር በር ያለውን ቤታቸውን ዘግተው ጓዛቸውን ይመር ቤት አስገቡ። አንሻ በሽንኩርት ተራ ሥራዋን ቀጠለች። አሁን «አቶ ኪሩቤል፣ እራት ቀርቧል» ትላቸዋለች፤ እሳቸውም ከዚያ በላይ አልጠየቁም።

መኪናው ዳግመኛ ይመጣል ብለው ጠበቁ። አልመጣም። የመጣው ናኦድ ነው፤ አንድ ማክሰኞ ከሰዓት፣ ያለ ደንብ ልብስ። ጫማው አቧራ ለብሷል፣ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። አንሻ ውሃ ሰጠችው። በአንድ ትንፋሽ ጠጣው።

«መኪናው ከቦርከና ወንዝ ማዶ ቆሟል» አለ። «ከጧት ጀምሮ። አንድ ሽማግሌ ልወስድ ሄጄ አንዲት ሴት ገብታ አጠገቡ ተቀመጠች። አይቻት አላውቅም። ስሟ ሲጠራ ዝም።»

«የማን ልጅ ናት?» አለ ይመር።

«ጠየቅኋት። ሙሉ ስሟን ነገረችኝ፤ እኛ ዘንድ የተመዘገበው ሌላ ነው። አለቆቼ ጎትተህ አውርዳት አሉኝ።»

«ታዲያ ምን አደረግህ?» አለች አንሻ።

ናኦድ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«ትቻት በእግሬ መጣሁ።»